ዕቃው ከመጋዘን ከወጣ በኋላ

ባሕር ዳር ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ የግንባታ ዕቃ ገበያ ይደራል። አባይ ማዶ ካለው ሱቃችን በር ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ሲሚንቶና ፌሮ የሚጭን አይሱዙ አይጠፋም። እኔ እዚያ ሒሳብ እይዛለሁ። ደረቅ ቼክ፣ ማለትም ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ (ስንቅ) የሌለው ቼክ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣብን በዚሁ ግርግር መሃል ነው።

የማወራላችሁ ሰውዬ ኮንትራክተር ነው። ጣና ዳር የእንግዳ ማረፊያ እየሠራሁ ነው ብሎ መጣ። መጀመሪያ ሚስማር፣ ቀጥሎ ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶ ገዛ፤ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ። ከሱቁ ልጆች ጋር ሻይ ጠጣ፣ ተላመደ። አንድ ቅዳሜ ባንክ ሊዘጋ ሲል ሙሉ መኪና ሲሚንቶና ባለ 12 ፌሮ ጠየቀና ቼክ አወጣ። ቼኩ የሌላ ባንክ ነው። የእኛው ባንክ ቢሆን ቅርንጫፉ ሄደን እዚያው እንመነዝረው ነበር። የሌላ ባንክ ሲሆን ግን ተጣርቶ ሒሳባችን እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል። «ገንዘቡ ይግባና ይጫን» አልኩ።

አሠሪያችን ጋሼ አልተስማሙም። «ተይ እንጂ ልጄ፣ ደንበኛ እኮ ነው፤ ምን ብዬ ልመልሰው?» አሉኝ። መኪናው ተጭኖ ወጣ።

በቀጣዩ ሳምንት ቼኩ ተመለሰ። ጥጉ ላይ በስቴፕለር የተያያዘች ትንሽ ወረቀት አለች። በቂ ስንቅ የለውም ትላለች፤ የባንኩ ማህተምና ፊርማ አርፎባታል።

ሰውዬው ሲደወልለት አልደነገጠም። «ክፍያ ዘግይቶብኝ ነው፣ አሥራ አምስት ቀን ታገሡኝ» አለ። ጋሼም ታገሡ። ዛሬ ነገ ሲል ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጊዮርጊስ አካባቢ ተገናኙ። አቅፎ ሳማቸው፣ የልጆቻቸውን ደኅንነት ጠየቃቸው። ጋሼ የገንዘቡን ነገር ሳያነሱ ተመለሱ። ይሉኝታ ያዛቸው። ደረቅ ቼክ የሚጽፍ ሰው ይህን ይሉኝታ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ተማምኖ የሚጽፈውም በእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። በሚቀጥለው ወር ቀን የተጻፈበት አዲስ ቼክ ይዟል፤ አሮጌውን መልሱልኝ አለ። ጋሼ የመሳቢያውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ይሄ ቼክና ይቺ ወረቀት ከእጃችን ከወጡ ምን ይዘን ነው የምንከሰው?» አልኳቸው። ሰውዬው «ሌባ አደረግሽኝ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው መለሱት። በማግስቱ ጠበቃ ጋ ሄድን።

ጠበቃው ያስረዱንን እያንዳንዱ ነጋዴ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቼክ ለባንክ መቅረብ ያለበት በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ለክሱም የራሱ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መክሰስ የማይቻልበት ገደብ፣ አለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ደግሞ ስንቅ የሌለው ቼክ ያወጣ ሰው እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ገንዘቡን ለማስመለስም በቼክ የሚቀርብ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት ይታያል። ተከሳሹ መከላከያ ለማቅረብ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት። እኛም ለፖሊስ አመለከትን፣ በፍትሐ ብሔርም ከሰስን።

መጥሪያው ሲደርሰው ሰውዬው መክፈል ጀመረ፤ ያውም እየቆራረጠ። ገንዘቡ ተሟልቶ ሲገባ የሲሚንቶ ዋጋ ጨምሯል። በዚያው ብር ያንኑ ጭነት መግዛት አልቻልንም። ፌሮውን በዱቤ የሰጠን አከፋፋይም ፊቱን አዙሮብናል። ጋሼን ከሁሉ በላይ ያሳዘናቸው ይሄ ነው፤ በእሳቸው ቃል ዕቃ የሚለቅላቸው ሰው ነበር።

አሁን ቼክ እንቀበላለን፤ ዕቃው ግን ተቆጥሮ መጋዘን ይቆያል። ገንዘቡ ሒሳባችን መግባቱን ሳላይ የመውጫ ወረቀት አልፈርምም። ገንዘቡ ብዙ ከሆነ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ ክፍያውን የሚያረጋግጥበትን የክፍያ ማዘዣ፣ እንጠይቃለን። ቼኩ የድርጅት ከሆነ የንግድ ፈቃዱንና የፈራሚውን መታወቂያ ኮፒ እንይዛለን። ነገ የሚመጣ ቀን የተጻፈበት ቼክ አንነካም። የተቀየሙ ደንበኞች አሉ። አንዱ ወደ ጎረቤት ሱቅ ሄዶ ቀረ። ጋሼ «ይሂድ፣ ዕቃዬ አለ» አሉ።

መሳቢያችሁ ውስጥ «ገንዘብ ሳስገባ ትመነዝሩታላችሁ» ተብሎ የተቀመጠ ቼክ ካለ፣ የተጻፈበትን ቀን ዛሬውኑ እዩትና 6 ወሩ ሳይሞላ ባንክ ውሰዱት። ሰውዬው ቢቀየም ይቀየም።