የክረምት ጓሮ፦ ከሙቀቱ ይልቅ ውሃውን አስቡ

ግንቦት ሲገባ የሚጠየቀው ጥያቄ ያው ነው። «ባሚያ ልዝራ?» «ሙቀት የሚችል የቲማቲም ዘር አግኝቻለሁ፣ ለክረምት ይሆናል?» «ስኳር ድንች ግቢ ውስጥ ይወጣል ወይ?» ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ዩቲዩብ ላይ በሐምሌ ስለ ጓሮ አትክልት የሚያወሩት ሰዎች አብዛኞቹ የሚኖሩት ሐምሌ በሚያቃጥልበት አገር ነው። እዚያ ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊቱም አይቀዘቅዝም፣ አየሩ በእርጥበት የከበደ ነው፣ ሰላጣው ገና ሳይበላ አብቦ ይመርራል። ስለዚህ ሙቀት የሚችለውን እየመረጡ ይተክላሉ። ልክ ናቸው።

እኛ ግን አዲስ አበባ ዳር ነን። ከተማዋና ዙሪያዋ ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ፣ ወደ እንጦጦ ሲወጣማ 3,000 ይታለፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀን ቀን 20 ወይም 21 ዲግሪ ከሞቀ ጥሩ ነው፣ ሌሊት ወደ 10 ይወርዳል። ፀሐይ ስትደበቅ ትውላለች። ዝናቡ ደግሞ የዓመቱን ድርሻ ግማሽ ያህሉን በነዚህ ወራት ያወርደዋል። እርጥበቱን ከሞቃቱ አገር ጋር እንጋራለን፣ ሙቀቱን ግን አንጋራም። ስለዚህ እዚህ ዘር ስትመርጡ «ሙቀት ይችላል?» ከማለታችሁ በፊት «ውሃ ይችላል?» በሉ። ከዘሩም በፊት ደግሞ አፈሩን እዩ፣ ዋናው እሱ ነው፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቲማቲሙን ልጨርሰው፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈስበት እሱ ላይ ስለሆነ። ቲማቲም ሌሊቱ በጣም ሲሞቅበት የአበባው ዱቄት ይበላሻል፣ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ፓኬቱ ላይ «ሙቀት የሚችል» ተብሎ የተጻፈበት ዘር ይህንን እንዲቋቋም ተመርጦ የተዳቀለ ነው። በጣም ጥሩ። ግን ቲማቲም ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድም ፍሬ መቋጠር ይቸግረዋል፣ የኛ የክረምት ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ለሞቃት ሌሊት ተብሎ የተዘጋጀ ዘር ለቀዝቃዛ ሌሊት ምንም ዋስትና የለውም። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው ቲማቲም የሚያምረው ስምጥ ሸለቆው ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ፣ ውሃውንም በመስኖ መጥነው ስለሚያጠጡት ነው።

ብርዱን አልፎ ቢያፈራ እንኳ ምች የሚባለው በሽታ አለ። ቅጠሉ ላይ ውሃ የነካው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይጀምራል፣ ከታች በኩል ነጭ ሻጋታ ይታያል፣ ከዚያ በሳምንት ውስጥ ማሳው የተቃጠለ ይመስላል። ብዙ ሰው ውርጭ መታው ይላል፣ ግን ክረምት ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ነው። ድንችንም የሚመታው ያው በሽታ ነው፣ አየርላንድ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ጀምሮ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስራበው እሱ ነው። የሚወደው ቀዝቀዝ ያለ አየርና ሳይደርቅ የሚውል ቅጠል ነው፤ የኛ ሐምሌ ማለት ነው። ድንች መትከል የምትፈልጉ ከሆነ ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡትን፣ እንደ ጉዳኔና በለጠ ያሉትን ዝርያዎች ጠይቁ፤ ለምች ከድሮዎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ ተብለው የተለቀቁ ናቸው። ገበያ ላይ የተረፈውን ድንች ቆርጦ መትከል በሽታውን ከነዘሩ ወደ ግቢ ማስገባት ነው።

አሁን አፈሩ። ከአቃቂ ጀምሮ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በገላን አድርጎ እስከ ቢሾፍቱ ያለው አብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፣ ኮትቻ የሚባለው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ሁሉ ይደፈናል፣ እንደ ሊጥ ይያያዛል፣ ውሃው መውረጃ ያጣል። ሥር ደግሞ መተንፈስ አለበት። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ አየር አይኖርም፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ይሞታል፤ የሞተ ሥር ውሃ አይስብምና ተክሉ ውሃ መሀል ቆሞ ይጠወልጋል። ይህንን ያየ ሰው ግራ ይገባዋል፣ እውነቱን ነው።

አንድ የሰፈር ልጅ ሰፈሩ ሳይሠራ በፊት እዚሁ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ የነበሩ አዛውንት ጎረቤታችንን ሲጠይቃቸው ሰምቻለሁ። «አባባ፣ ቆስጣዬ ቢጫ ሆነብኝ፣ ዩሪያ ላድርግበት?» «ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃውን አውጣለት፤ የታፈነ ሥር ምን ሊበላ ነው?» አሉት። በቃ ይኸው ነው። ዩሪያውን ውሃ በተኛበት አፈር ላይ ብትጨምሩት ግማሹን ዝናቡ ያጥበዋል፣ ግማሹ ደግሞ አየር ባጣው አፈር ውስጥ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይጠፋል። ገንዘብ ነው የሚባክነው።

የኛ ገበሬዎች ይህንን አፈር ድሮ ነው ያወቁት። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች መሬቱን በእጃቸው መደብና ቦይ እያደረጉ ውሃውን ያስወጡ ነበር፣ ኋላ ላይ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ተሠርቶለታል። እዚህ በኛ በኩል ደግሞ ሽምብራውን ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ይዘሩትና አፈሩ ባጠራቀመው እርጥበት ያደርሱታል። ጓሮም ላይ የሚሠራው ሐሳብ ይኸው ነው፦ ወይ አፈሩን ከፍ አድርጉ፣ ወይ ጊዜውን ጠብቁ።

ከፍ ማድረጉ እንዲህ ነው። መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር ብዙ አይለፍ፣ ከሁለቱም ወገን እጃችሁ መሀሉ ድረስ እንዲደርስና አፈሩን እንዳትረግጡት። በጎኑ ቦይ ይኑረው፣ ቦዩ ተዳፋት ይኑረው፣ ጫፉ ውሃ የሚወጣበት ቦታ ይድረስ፤ ወደ ጎረቤት አጥር ሥር የሚለቅ ቦይ ጠብ ያመጣል። ከአፈሩ ጋር በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅሉ። ቤት ሲሠራ የተረፈ ሬድ አሽ ካለ ደቀቅ ያለውን ብትጨምሩ አየር ያስገባል። ይህ ሁሉ ግን ግንቦት ላይ፣ አፈሩ ገና ሳይረጥብ ነው የሚሠራው። ኮትቻ ረጥቦ እያለ ከተቆፈረ ይጨቀይና ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ሐምሌ ላይ ከደረሳችሁ መቆፈሩን ተዉትና ባዶ ማዳበሪያ (ከረጢቱን ማለቴ ነው) ከሥሩ በስታችሁ ጥሩ አፈርና ፍግ ሙሉበት፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፣ እዚያ ውስጥ ቆስጣም ሰላጣም ያምራል።

ቡራዩ ወይም እንጦጦ ሥር ቀይ አፈር ላይ ያላችሁ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ፣ ውሃው ይሰርግላችኋል። የናንተ ጉዳይ አፈሩ አሲዳማ መሆኑና ዝናቡ ምግቡን ማጠቡ ነው፤ የእንጨት አመድና ኮምፖስት በብዛት ስጡት።

ምን ልትከል ለሚለው፣ ለክረምት የኔ የመጀመሪያ ምርጫ የሐበሻ ጎመን ነው፣ ምንም አልጠራጠርም። ሳይንሳዊ ስሙ ብራሲካ ካሪናታ ነው፣ መነሻውም የኛው ደጋ እንደሆነ ይታመናል። ብርዱን ያውቀዋል፣ ደመናውን ያውቀዋል። ሰኔ ላይ ከተዘራ ለፍልሰታ ቅጠሉ ይደርሳል፣ ያኔ ደግሞ ጎመን ገበያ ላይ የሚወደድበት ሰሞን ነው። ከሥር ከሥር ያሉትን ቅጠሎች እየቀነጠባችሁ ጫፉን ካልነካችሁት ለረጅም ጊዜ ይሰጣል። ጥቂት ተክል ሳትቀነጥቡ ተዉና አብቦ ዘር ይያዝ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዘር አትገዙም።

ቆስጣም ይሆናል፣ ግን አታጨናንቁት። ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉ ላይ ዙሪያው ቀላ ያለ ክብ ነጠብጣብ ይወጣበታል፣ የሚያባብሰውም ቅጠል ከቅጠል መነካካቱ ነው። በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ስጡት፣ ነፋስ ያድርቀው። ቀይ ሥር፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት መደቡ ከፍ ካለ ችግር የለባቸውም፤ ካሮት ግን ጥሬ ኮትቻ ላይ ከተዘራ ሹካ ሆኖ ነው የሚወጣው። ዱባ ፍግ ክምሩ አጠገብ ይተከል፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት፤ ውሃው ይወርድለታል፣ ምግቡንም እዚያው ያገኛል።

ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን የቅጠል ተባይ ክረምት ላይ ያን ያህል አያስቸግርም፣ ከባድ ዝናብ ያጥበዋል፣ የሚመለሰው መስከረም ላይ ነው። ቀንድ አውጣ ግን ሰሞኑ የሱ ነው። አመድ ዙሪያውን መነስነስ ዝናብ እስኪመጣ ብቻ ነው የሚሠራው። ማታ ባትሪ ይዞ ወጥቶ በእጅ መልቀም አሰልቺ ቢሆንም እውነተኛው መፍትሔ እሱ ነው። በክረምት ደረቅ ሣር መደቡ ላይ አታልብሱ፣ ለቀንድ አውጣ መጠለያ ነው የምትሠሩለት፤ ሣሩ ጥቅምት ላይ፣ እርጥበት መያዝ ሲያስፈልግ፣ በደንብ ይጠቅማል።

ግዴለም ቲማቲምና ቃሪያ ካልተከልኩ የምትሉ ጣሪያ ሥሩላቸው። አራት አጣና፣ ከላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ ላስቲክ፣ ጎኑ ክፍት፣ ዝናቡ የሚንሸራተትበት ተዳፋት። ላስቲኩ ብዙ ሙቀት አይሰጥም፣ ዋና ሥራው ቅጠሉ እንዳይረጥብ ነው። ውሃውን በጠዋት ከሥሩ ታጠጣላችሁ። ደስ የሚለው ነገር እውነተኛ ሙቀት ያለባቸው እርጥብ አገሮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ታይዋን ያለው የዓለም አትክልት ማዕከል ለሞቃትና ለዝናባማ ወቅት የሚመክረው ከፍ ያለ መደብና የዝናብ መከለያ ነው፤ የቲማቲሙንም ችግኝ ቆርጠው በደበርጃን ሥር ላይ ይቀጥሉታል፣ የደበርጃን ሥር ውሃ የተኛበትን አፈር ከቲማቲም በተሻለ ስለሚችል። እንግዲህ እነሱም ሙቀት የሚችል ዘር ይዘው ውሃውን ነው የሚታገሉት።

ጎኑ የተዘጋ የላስቲክ ቤት ያላችሁ ግን ሌላ ነው። በበጋ ቀትር ላይ ውስጡ በጣም ይጋላል፣ እዚያ ውስጥ ሙቀት የሚችል የቲማቲም ዘር ዋጋውን ያወጣል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ዘመድ ያላችሁም ዘሩን ለነሱ ላኩላቸው። ስኳር ድንች ወላይታ ላይ፣ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ኮንሶና አርባ ምንጭ ላይ፣ ባሚያ ጋምቤላና ቤኒሻንጉል ላይ አገራቸው ነው፤ እዚያ የሚፈልጉት ሙቀት አለ። እዚህ ስኳር ድንች ብትተክሉ ቅጠል ታያላችሁ፣ ሥሩ ግን ቀጫጫ ነው። ሽፈራውም በዚህ ብርድ ጎስቁሎ ይቀራል።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል፣ ቲማቲሙን የምጀምረው በሱ ነው። ችግኙን በነሐሴ አጋማሽ መጠለያ ሥር አፍሉት፣ ከመስቀል በኋላ ወደ መደብ አዛውሩት። ሌሊቱ ያኔም ቀዝቃዛ ነው፣ ቅጠሉ ግን ደርቆ ይውላል። ቦታችሁ እንደ ሱሉልታ ሜዳ ያለ ዝቅ ያለና ውርጭ የሚተኛበት ከሆነ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሌሊት ሸፍኑት።

ባሚያ የጠየቃችሁኝ ደግሞ ክረምቱን እለፉትና ጥር መጨረሻ ላይ ዝሩት። ዘሩን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ጥቁር ላስቲክ ወይም ጥቁር ባልዲ ውስጥ ዝሩት፣ ወደ ደቡብ የሚያይ የብሎኬት ግድግዳ ሥር አስቀምጡት፣ በዚያ ሰሞን ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ግድግዳው ቀን የሞቀውን ማታ ይመልሳል። የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ የኛ ሞቃት ወራት ናቸው፣ ለባሚያ የምንሰጠው ጊዜ ያ ብቻ ነው። ከቆላው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ምርቱም ትንሽ ነው። ፍሬው ጣት ሲያክል ቁረጡት፣ ካለፈ እንጨት ይሆናል፤ በየሁለት ቀኑ ካልቆረጣችሁለትም ማፍራቱን ያቆማል።