ደብተር ብቻ አይበቃም
ጓቴማላ ውስጥ አቲትላን ሀይቅ ዙሪያ ላሉ የማያ (የሀገሩ ነባር ህዝብ) ልጆች ትምህርት ትንሽ አዋጣለሁ፣ እና ያሳሰበኝን ልንገራችሁ። የመንግስት ትምህርት ቤት በነፃ ነው ግን ጫማውስ፣ ትራንስፖርቱስ? በተለይ 6ኛን ሲጨርሱ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፣ ፒካፕ ላይ ቆመው ነው የሚሄዱት፣ ለሱም በየቀኑ ኬትሳል (የሀገሩ ገንዘብ) ይከፈላል፣ ቤተሰብ ሲቸግረው ደግሞ ቀድማ የምትቀረው ሴቷ ናት፣ ይሄ ያንገበግበኛል።

ሌላው ቋንቋ ነው። እዛ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋ አለ፣ ቤቷ ከነሱ አንዱን ካክቺኬልን ብቻ ስትሰማ ያደገች የ7 አመት ልጅ መምህሩ በስፓኒሽ ሲያወራ ዝም ብላ እርሳሷን ታገላብጣለች፣ ሰነፍ ሆና እኮ አይደለም! እና የምትረዱ ካላችሁ ቦርሳ ከመላካችሁ በፊት በልጆቹ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ከዛው ከመንደሩ የሚያሰለጥኑትን ፈልጉ፣ እኔም ዘንድሮ ያለችኝን ለዛ ነው ያደረኳት።