ቢጫዋ ነጥብ

ተማሪው ምስሉን ይዞ የመጣው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ በቡድኑ ስብሰባ ላይ ሊያቀርበው ስለነበር የፈለገው ምስሉ ላይ ያለውን የመለኪያ መስመር ልክነት እንድመለከትለት ብቻ ነበር። ቦታው እኔ የምሠራበት፣ ጀርመን አገር ያለ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የማይክሮስኮፕ ማዕከል ነው፤ ልጁ የአገሬ ልጅ ስለሆነ በአማርኛ ነው የምናወራው።

ምስሉ የወባ ተውሳክ ነው፤ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ ሊፈነዳ የደረሰ ሺዞንት፣ ማለትም ሴል ውስጥ ተባዝቶ ለመውጣት የተዘጋጀበት ደረጃ። በአንድ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሜሮዞይቶች፣ ሌላ የደም ሴል የሚወርሩት የተውሳኩ ልጆች፣ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተዋል። በእያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች። አረንጓዴው ኤኤምኤ 1 የሚባል የተውሳኩ ፕሮቲን ነው፤ ማይክሮኒም በምትባል፣ የሜሮዞይቱ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ከረጢት ውስጥ እንደሚገኝ ከታወቀ ቆይቷል። ቀዩ ቡድኑ የሚያጠናው ፕሮቲን ነው። አረንጓዴና ቀይ ሲደራረቡ ቢጫ ይሆናሉ፤ ስለዚህ የእነሱም ፕሮቲን ማይክሮኒም ውስጥ ነው፤ የሚጽፉት ጽሑፍ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የመለኪያ መስመሩ ልክ ነበር። ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው። አረንጓዴ ባለበት ሁሉ ቀይ አለ፤ መጠኑም ከጫፍ ጫፍ አንድ ነው። ሁለት ፕሮቲኖች አንድ ክፍል ውስጥ ቢኖሩ እንኳ አንዱ ሜሮዞይት ላይ ይህኛው፣ ሌላው ላይ ያኛው በዛ ብሎ ይታያል እንጂ እንዲህ በአንድ ልክ አይሰፈሩም። ከሴሉ ውጪ ደግሞ አንዲት ብናኝ ነበረች፤ ታጥቦ ያልወጣ የአረንጓዴው አንቲቦዲ (ፕሮቲን ፈልጎ የሚጣበቅ ሞለኪውል) ጓል። እሷም ቢጫ ናት። ቀዩን ቻናል፣ ማለትም የቀዩን ብርሃን ብቻ የያዘውን ምስል፣ ለብቻው ስከፍተው የአረንጓዴው ግልባጭ ሆኖ አገኘሁት።

«አረንጓዴው ብቻ የተቀባ ስላይድ አለህ?» አልኩት።

«የለኝም ጋሼ። ሁሉንም በሁለቱም ነው የቀባሁት።»

«እንግዲህ ሰኞ ይህን አታሳይ።»

«ቢጫው አይታይዎትም?»

«ይታየኛል። ግን ስላይዱ ላይ ቢጫ የሚባል ነገር የለም። ያሉት ሁለት ዲቴክተሮች፣ ሁለት ብርሃን ቆጣሪዎች ናቸው፤ ሁለቱ የቆጠሩትን ደራርቦ ቢጫ ያደረገው ኮምፒዩተሩ ነው። አሁን ማወቅ ያለብን ቀዩ ዲቴክተር የማንን ብርሃን እንደቆጠረ ነው።»

ፋይሉ ራሱ የተነሳበትን ሁኔታ መዝግቦ ስለሚይዝ አብረን አነበብነው። አረንጓዴውን ቀለም የሚያበራው የ488 እና ቀዩን የሚያበራው የ561 ናኖሜትር ሌዘር በአንድ ጊዜ በርተዋል። አረንጓዴው ዲቴክተር ከ500 እስከ 550፣ ቀዩ ከ565 እስከ 650 ተከፍቷል። አሌክሳ 488 የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ከፍተኛ ብርሃኑን የሚሰጠው 520 አካባቢ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ላይ አይቆረጥም፤ ጅራቱ ከ600 አልፎ ይሄዳል። በ565 የተከፈተ በር ያን ጅራት ሳይጋብዝ ያስገባል። ይህ ብቻውን ጉዳት ላያደርስ ይችል ነበር። የልጁ ቀይ አንቲቦዲ ግን ደካማ ነበረ፣ አረንጓዴው ብርቱ። ቀዩ አልታይ ሲለው የዲቴክተሩን ጌይን (ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) 900 ቮልት አደረሰው፤ አረንጓዴው 620 ላይ ነው ያለው። በላዩ ላይ የምስሉን ብሩህነት በራሱ የሚያስተካክለውን ቁልፍ ተጫነ። ያ ቁልፍ እያንዳንዱን ቻናል ለየብቻ ወስዶ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ይለጥጠዋል፤ የደከመው ቀይ ከብርቱው አረንጓዴ እኩል ሆኖ ይታያል። ሦስቱ ተደምረው ቢጫ ወጣ። ልጁ ያደረጋቸው ነገሮች አንድ በአንድ ሲታዩ ማንኛውም ጀማሪ የሚያደርጋቸው ናቸው፤ ማንም አላስተማረውም።

ሌላም ነበረ። ምስሉ በዙም 1፣ በ512 በ512 ፒክስል ነው የተነሳው። በ63 እጥፍ ኦብጀክቲቭ (ናሙናው አጠገብ ያለው ሌንስ) በዚያ ማሽን ሙሉው መስክ 135 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ፒክስል 0.26 ማይክሮሜትር ይሆናል። አንድ ሜሮዞይት ርዝመቱ 1.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ስድስት ፒክስል ማለት ነው። ያች ቢጫ ነጥብ አንድ ወይም ሁለት ካሬ ብቻ ነበረች፤ የለሰለሰችው ሲያሳድጓት ነው።

ቅዳሜ አዲስ ስላይዶች አዘጋጀ። አንዱ ምንም ያልተቀባ፤ ተውሳኩ ራሱ የሚሰጠውን ብርሃን ለማየት። አንዱ አረንጓዴ ብቻ፣ አንዱ ቀይ ብቻ። አራተኛው ቀለሙን የሚሸከሙት ሁለቱ ሴኮንደሪ አንቲቦዲዎች፣ ፕሮቲኑን ከሚያገኙት ፕራይመሪዎች ውጪ ብቻቸውን፤ ሴኮንደሪው በራሱ የሚጣበቅ ከሆነ እዚያ ይጋለጣል። ናሙናውን የሚሸፍነው ስስ መስታወት፣ ከቨር ስሊፑ፣ ቁጥር 1.5፣ ማለትም 0.17 ሚሊሜትር እንዲሆን አደራ ብዬው ነበር፤ ኦብጀክቲቩ የተሠራው ለዚያ ውፍረት ነው። መስታወቱን የሚያጣብቀው የማውንቲንግ ፈሳሽ እስኪደርቅ አሳደረው፤ እሑድ ከሰዓት ማሽኑ ላይ ተቀመጥን።

መጀመሪያ የድሮውን አቀማመጥ ከፋይሉ መልሰን ጫንን። ጌይንም ሌዘርም አልነካንም፤ አንዱን ከነካህ ንጽጽሩ ያበቃል። አረንጓዴ ብቻ የተቀባውን ስላይድ አስገባን። ቀዩ ቻናል በነጥቦች ተሞላ። ቀይ አንቲቦዲ በአጠገቡ ያላለፈ ስላይድ ነው።

ልጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ስክሪኑን ሳይሆን እጁን ነው የሚያየው።

«ታዲያ አራት ወር ሙሉ ምን ስሠራ ነበር?» አለ።

ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ባህሉ ጥሩ ነው፣ ሺዞንቶቹ በጊዜያቸው ተይዘዋል፣ አረንጓዴው ቀለም የጠራ ነው፤ የተበላሸው የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ነው። እሱን ነገርኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ግን እጁን ወደ ኪቦርዱ መለሰ።

ከዚያ ሌዘሮቹን በየተራ አደረግናቸው፤ በየመስመሩ፣ መጀመሪያ 488 ከአረንጓዴው ዲቴክተር ጋር ብቻ፣ ቀጥሎ 561 ከቀዩ ጋር ብቻ። ዙሙን 4 አደረግን፤ ፒክስሉ 66 ናኖሜትር ሆነ። አረንጓዴ ብቻ በሆነው ስላይድ ላይ ቀዩ ቻናል ጨለመ። የቀዩን ሌዘር ትንሽ ከፍ፣ ጌይኑን ወደ 750 ዝቅ አድርገን፣ አንድም ፒክስል የመጨረሻው ጣሪያ 255 ላይ እንዳይደርስ ጠቋሚውን እያየን ወደ ሁለት ቀለሙ ስላይድ ተመለስን። ቀይ አለ። ደካማ ነው፤ ግን የራሱ ነው። አንዳንዱ ሜሮዞይት ላይ ብርቱ፣ አንዳንዱ ላይ የለም። የአረንጓዴው ብናኝ አረንጓዴ ብቻ ሆና ቀረች።

ጥቂት ቢጫ ግን ቀረ። ልጁ እዚህ ላይ ፊቱ በራ፤ ሁለተኛውን ክፉ ወሬ ልነግረው የተገደድኩት ያን ጊዜ ነው። በ1.4 ኒውሜሪካል አፐርቸር (ሌንሱ ብርሃን የሚሰበስብበት አቅም)፣ በ520 ናኖሜትር ብርሃን፣ ሁለት ነጥቦች ተለያይተው እንዲታዩ ቢያንስ 227 ናኖሜትር ያህል መራራቅ አለባቸው፤ በቁመት ደግሞ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ። የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት አበ እዚሁ ጀርመን፣ የና ላይ ሆኖ በ1873 የብርሃንን ወሰን ካሳየ ወዲህ ጥሩ ሌንስ በመግዛት ያመለጠው የለም። ማይክሮኒም 100 ናኖሜትር ገደማ ናት። እዚያው የሜሮዞይቱ ጫፍ ላይ ሮፕትሪ የሚባል የሌላ ከረጢት አንገት አለ። ሁሉም በአንዲት የብርሃን ጠብታ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የቀረው ቢጫ የሚለው «ሁለቱም ጫፍ ላይ ናቸው» ነው። ማይክሮኒም ውስጥ ናቸው አይልም።

ሰኞ ጠዋት የልጁ ቡድን መሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ራሳቸው ወደ ማሽኑ ክፍል መጡ። አረንጓዴ ብቻ የተቀባውን ስላይድ በድሮው አቀማመጥ አሳየኋቸው። «የቀዩን ጌይን ቀንሱት» አሉ። ቀነስኩት። የተሳሳተው ቀይ ጠፋ። ወዲያው ሁለት ቀለሙን ስላይድ አስገባሁ፤ እውነተኛውም ቀይ አብሮ ጠፍቷል። ጌይን የገባውን ብርሃን ያጎላል ወይም ያሳንሳል፤ ከየት እንደመጣ አይለይም።

ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። «የእናንተ ክፍል ሥራ ማሽኑ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ምስሉ ምን ማለት እንደሆነ የምንወስነው እኛ ነን።»

ይህ አነጋገር ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። ማሽኑን ማሠራትና ምስሉን መተርጎም ሁለት ሥራ የሚሆኑበት ቦታ የለም። ዲቴክተሩን በ565 የከፈተ ሰው አረንጓዴው ቀይ ተብሎ እንዲቆጠር ፈቅዷል። ሁለቱን ሌዘር በአንድ ጊዜ ያበራ ሰው ጊዜ አትርፎ ማስረጃውን ሸጧል። ፒክስሉን 0.26 ያደረገ ሰው ጥያቄው ሊመለስ እንደማይችል አስቀድሞ ወስኗል፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ የሚደረገው ክርክር ያለቀ ነገር ላይ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ የወሰነው መወሰኑን ሳያውቅ ነው። የሚያውቅ ሰው አጠገቡ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው፤ መቀመጥ ብቻ ሳይሆን «አታሳይ» የማለት መብትም ያስፈልገዋል።

ልጁ ሰኞ ምስሉን አላሳየም። ስህተቱን በጊዜው መናገሩ ብቻውን ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ ቪዛውም ደመወዙም በፕሮፌሰሩ ፊርማ ላይ ነው ያለው። ስላይዶቹን ጎን ለጎን አድርጎ አቀረበና ተቀመጠ።

ቀጥሎ የሠራው ኤክስፓንሽን ነው። ሴሉን ከአክሪላማይድና ከሶዲየም አክሪሌት በሚሠራ ጄል ውስጥ ታስረዋለህ፤ ፕሮቲኖቹን በሙቀትና በሳሙና ታላቅቃለህ፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስታስቀምጠው ጄሉ በየአቅጣጫው አራት እጥፍ ያህል ያብጣል። ማሽኑ አይለወጥም፤ ናሙናው ነው የሚተልቀው። አገር ቤት ያለ ተራ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ እንኳ በዚህ መንገድ ከአቅሙ በላይ ያያል፤ ልጁን ከሁሉ በላይ ያስደሰተው ይህ ነበር። ጄሉን በሚገባ ያጠበው አራተኛው ሙከራ ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጨው ስለቀረባቸው በደንብ አላበጡም። ማበጡን በግምት አትተወው፤ ጄሉን ከማበጡ በፊትና በኋላ በማስመሪያ መለካት ግድ ነው። አራተኛው ላይ አረንጓዴውና ቀዩ ተለያዩ። ሦስተኛ ቀለም ጨምሮ ሮን 4 የሚባለውን የሮፕትሪ አንገት ፕሮቲን አቀለመ፤ ቀዩ የተቀመጠው ከእሱ ጋር ነው። ማይክሮኒም ውስጥ አይደለም።

የመጀመሪያው ምስል ግን ከዚያ ዓርብ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ፖስተር ተልኮ ነበር። ታትሞ በሁለተኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ ተሰቅሏል። እንዲቀየር ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ተማሪ በስልኳ አንስታው መጣችና «እንዲህ ያለ ምስል ነው የምፈልገው» አለችኝ። ወረቀት ስቤ ጻፍኩላት፦ ምንም ያልተቀባ፤ አረንጓዴ ብቻ፤ ቀይ ብቻ፤ ሴኮንደሪ ያለ ፕራይመሪ። አራቱን ይዛ ስትመጣ ማሽኑን እንደምከፍትላት ነገርኳት።