ባለ አራት ፖርት ስዊች በራሴ ስሰራ 65 ፐርሰንት ላይ የተቸከልኩበት ታሪክ

ውጭ የሚኖር ጓደኛዬ ለእረፍት ሲመጣ ኤፍፒጂኤ ቦርድ (ውስጡን ራስህ እንደፈለግክ የምታዋቅረው ቺፕ ያለበት) ይዞልኝ መጣ፣ አራት የጊጋቢት ፖርት ያለው ካርድም ጨምሮበት። እኔ ስራዬ ላይ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘውን ሳጥን) ኮንፊገር የማደርግ ሰው ነኝ፣ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ የሚከፋፍል) መክፈት ፖርት መዝጋት ምናምን፣ ግን ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። በቃ ለምን ራሴ አልሰራውም አልኩ። ሁለት ወር ይበቃኛል ብዬ ገብቼ ስምንት ወር በላኝ።

ሀሳቡ እኮ ሲያዩት ቀላል ነው። ፓኬት (ተቆራርጦ የሚላክ ዳታ) ይመጣል፣ የላኪውን ማክ አድሬስ (የማሽኑን መለያ ቁጥር) እና የገባበትን ፖርት ሰንጠረዥ ላይ ትመዘግባለህ፣ የተቀባዩን አድሬስ እዛው ሰንጠረዥ ላይ ትፈልጋለህ፣ ካገኘኸው ወደዛ ፖርት ብቻ፣ ካላገኘኸው ከመጣበት በስተቀር ለሁሉም ትበትናለህ። ይቺን በቬሪሎግ (ሃርድዌር የሚጻፍበት ቋንቋ) ጽፌ ሁለት ላፕቶፕ አገናኝቼ ፒንግ ሳደርግ (አንዱ ሌላውን አለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ) ሰራ! ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ "እና ይሄ መርካቶ ከሚሸጠው በምን ይሻላል?" አለችኝ። ምን ልበላት፣ የመርካቶው ነው የሚሻለው።

ሂሳቡ ውስጥ ስትገባ ነው ነገሩ የሚከብደው። ትንሹ የኢተርኔት ፓኬት 64 ባይት ነው፣ ከፊቱ 8 ባይት መንደርደሪያ ከኋላው የ12 ባይት ክፍተት ሲጨመርበት 84 ይሆናል፣ በ1 ጊጋቢት ይሄ ማለት አንድ ፖርት ላይ በየ672 ናኖሰከንዱ አዲስ ፓኬት ሊመጣብህ ይችላል፣ በሰከንድ 1.488 ሚሊዮን ገደማ። የኔ ክሎክ (የቦርዱ ምት) 125 ሜጋኸርዝ ስለሆነ 672 ናኖሰከንድ ማለት 84 ምት ነው፣ አንዱን ሰንጠረዥ ደግሞ አራቱም ፖርቶች ይጋሩታል፣ ስለዚህ ለአንድ ፓኬት የሚደርሰው 21 ምት ብቻ። በ21 ምት ውስጥ መፈለግም መመዝገብም አለብኝ። ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ማንበብ የማይታሰብ ስለሆነ ሃሽ (ከአድሬሱ ላይ አስልቶ ቦታውን በቀጥታ የሚሰጥ ዘዴ) ተጠቀምኩ፣ እሱ ብዙም አላስቸገረኝም።

ጉዱ የመጣው አራቱንም ፖርቶች በአንዴ ስጭናቸው ነው። ሲሙሌሽን (ኮምፒውተር ላይ የሚደረግ ሙከራ) ላይ እኩል መጠን ያላቸው ፓኬቶች፣ መድረሻቸው በዘፈቀደ፣ ሁሉም ፖርት ሙሉ ፍጥነት። ያልፋል ብዬ የጠበቅኩት 100 ፐርሰንት፣ ያለፈው 65 አካባቢ። ኮዱን ገለበጥኩት 65፣ ባፈሩን (ፓኬት ተራ የሚጠብቅበትን ሜሞሪ) እጥፍ አደረግኩት አሁንም 65። እንዴ! አንድ ሳምንት ሙሉ ክሎኩን ስጠረጥር ከረምኩ።

መልሱ የታየኝ ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ ነው፣ እየቀለድኩ አይደለም። እስቲ አስቡት፣ የአየር ጤናው፣ የሳሪሱ፣ የመገናኛው ተሳፋሪ ሁሉ በአንድ ሰልፍ ቢቆም። ከፊት ያለው ሰውዬ አየር ጤና ነው የሚሄደው፣ ታክሲው ደግሞ የለም። ከኋላው ያለው ሳሪስ ነው፣ የሳሪስ ታክሲ ባዶውን አጠገቡ ቆሞ ረዳቱ እየጮኸ ነው፣ ግን ፊት ያለው ካልሄደ መሄድ አይችልም። እኔ የሰራሁት ስዊች እንደዛ ነበር፣ በየፖርቱ መግቢያ አንድ ሰልፍ ብቻ! ቤት ገብቼ ሳነብ ካሮል፣ ህሉቺና ሞርጋን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1987 እ.ኤ.አ. ይሄንኑ በሂሳብ አሳይተውት አገኘሁ፣ ፖርት እየበዛ ሲሄድ 58.6 ፐርሰንት ላይ ይቆማል፣ ለአራት ፖርት ደግሞ 65.5። ኮዴ ምንም ስህተት አልነበረበትም ማለት ነው፣ አወቃቀሩ ራሱ ነው ከዛ በላይ የማያስኬደው።

መፍትሄው ሜክሲኮ ላይ ያለው ነው፣ ለየመድረሻው የየራሱ ሰልፍ። በእያንዳንዱ መግቢያ አራት፣ በድምሩ 16 ሰልፍ ሰራሁ። ከዛ ደግሞ አዲስ ጣጣ መጣ፣ አሁን በየዙሩ የትኛው መግቢያ ከየትኛው መውጫ ጋር ይጣመር የሚለውን የሚወስን ተራ አስከባሪ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሁሌ ከአንድ ቁጥር የሚጀምር አደረግኩት፣ ፖርት አራት ጦሙን አደረ። በዙር ይሁን አልኩ፣ እሱም አልተሻለም ምክንያቱም የአራቱም መውጫዎች ተራ ቆጣሪ አንድ ላይ ይሄድና ሁሉም በአንድ ጊዜ ለአንዱ መግቢያ ግባ ይሉታል፣ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ያያሉ። የኔትወርክ ተመራማሪው የኒክ ማክኪውን አይስሊፕ የሚባለው ዘዴ ይሄን የፈታበት መንገድ በጣም ነው የገረመኝ፣ ቆጣሪው ወደፊት የሚሄደው ግብዣው ተቀባይነት ሲያገኝ ብቻ ነው። ይቺው ናት! ያልተቀበሉት እዛው ይጠብቃል፣ በዚህ ምክንያት ቆጣሪዎቹ በራሳቸው ጊዜ ይለያያሉ። ኮዴ ላይ አንዲት የኢፍ መስመር ነበረች፣ ከጨመርኳት በኋላ ሲሙሌሽኑ መቶውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ከዛ በኋላ ያለው ስራ ፍጥነት ሳይሆን ሳይበላሽ እንዲቆይ ማድረግ ነበር፣ እሱ ደግሞ የበለጠ ያዋርዳል። ለምሳሌ ስዊቹ በደንብ ሲሰራ ይውልና ማታ ላይ እንደ ድሮው ሀብ ሁሉንም ለሁሉም መበተን ይጀምራል። ሶስት ሳምንት ፈለግኩ። ለካ ራሴ ጫፉን ክሪምፕ ያደረግኩት (ማገናኛውን የገጠምኩለት) ኬብል ልል ነበር፣ የተበላሹ ፓኬቶች ይገባሉ፣ እኔ ደግሞ የላኪውን አድሬስ ገና እንደደረሰ ነበር የምመዘግበው። የፓኬቱን ጤንነት የሚነግርህ ሲአርሲ (የስህተት ማረጋገጫ ቁጥር) ግን ያለው መጨረሻ ላይ ነው። ሰንጠረዤ በሌሉ ማሽኖች አድሬስ ተሞልቶ እውነተኞቹን ቦታ አሳጥቷቸዋል፣ የተመዘገበው ደግሞ 300 ሰከንድ ካልሞላው አይሰረዝም። አሁን ሲአርሲው ሳይረጋገጥ ምንም አይመዘገብም።

ባፈር ላይም ተሞኝቻለሁ። ፓኬት መጣል ነውር ስለመሰለኝ ለእያንዳንዱ ፖርት 1 ሜጋባይት ሰጠሁት። አንዱ ፖርት ላይ ግን በ100 ሜጋቢት የሚሰራ አሮጌ ላፕቶፕ አለ፣ 1 ሜጋባይት ሞልቶ እስኪጎድል 80 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ እና ትልቅ ፋይል ሲወርድ ፒንጉ እዛ ድረስ ይወጣል። ወደ 64 ኪሎባይት ሳወርደው 5 አካባቢ ሆነ፣ አንዳንድ ፓኬት ይጣላል፣ ቲሲፒም (ዳታው የሚላክበት ደንብ) መጣሉን አይቶ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እንዲያውም መጣሉን ነው እንደ ምልክት የሚጠብቀው።

ሉፑን (ፓኬት እየዞረ የሚቀርበትን ቀለበት) ሳልነግራችሁ። የወንድሜ ልጅ መጥቶ አንዱን ኬብል በሁለቱም ጫፍ እዚሁ ስዊች ላይ ሰካው፣ ክፍት ፖርት ስላየ ብቻ። ኢተርኔት ፓኬት ላይ እንደ አይፒ ዕድሜ የሚቆጥር ነገር የለም፣ ስለዚህ አንድ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ ፓኬት) ይዞራል ይዞራል፣ መብራቶቹ ብልጭ ማለታቸውን ትተው ቦግ ብለው ቀሩ፣ የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ ሞተ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ስፓኒንግ ትሪን (ቀለበት የሚፈጥረውን መንገድ የሚዘጋ ዘዴ) የሰራችው ለዚሁ ነው፣ እኔ ግን እስካሁን አልጻፍኩትም፣ ለጊዜው ብሮድካስት ሲበዛ የሚቆርጥ ገደብ ነው ያስገባሁት። እስከዛው ስዊቹ ቲቪው ስር ነው፣ አራተኛው ፖርት ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።