ሳሎኔና የባሕር ዓሣ

ፒያሳ ያለችው ቤቴ ጠባብ ናት፤ ስለዚህ የባሕር ዓሣ ላርባ ብዬ ስነሳ ዓይኔ ያረፈው 40 ሊትር በምትይዝ ሚጢጢ አኳሪየም ላይ ነበር። ተሸወድኩ። ትንሽ ውኃ ቶሎ ይበላሻል። ጥቂት ሲተን ጨዋማነቱ ወዲያው ይጨምራል፣ መብራት ሲጠፋማ (መቼም አይቀርልን!) ፓምፑ ይቆምና ዓሣዎቹ አየር ያጥራቸዋል። ጥንድ ክላውንፊሽ (ነጭ መስመር ያላቸው ብርቱካናማ ትናንሽ ዓሣዎች) በ100 ሊትር ደህና ይኖራሉ። ብሉ ታንግ የሚባለው ሰማያዊ ዓሣ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ሲገዛ ጣት ያክላል፣ አድጎ 30 ሴንቲሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚዋኝም ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው፣ ከ600 ሊትር በላይ የሚይዝ አኳሪየም ይፈልጋል። ቁመቱን ተዉት፣ ርዝመቱን እዩ። ውኃው ብቻ ከ600 ኪሎ በላይ ነው፤ የኔ የጣውላ ወለል ደግሞ እኔ ስራመድ እንኳ ይጮሃል። ክላውንፊሾቹን መረጥኩ።