ካርባይኗ ለምን ነከሰች

ሦስተኛው ጥይት ላይ ነከሰች። ምላጩን ብስበውም መልስ የለም። ዓይኔን ከማነጣጠሪያው ላይ አንስቼ ሳይ መዝጊያው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፤ አንዲት ጥይት አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀስራ ተወሽቃለች። እጄ ሳላዘው ወደ ማቀባበያው ሄደ። በኃይል ስቤ ልለቀው ነበር።

"ቆይ ልጄ፣ አትንካት! መጀመሪያ እያት።"

ጋሼ ናቸው። ጋሼ በጃንሆይ ጊዜ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ የነበሩ ሰው ናቸው። አሁን እዚህ ቨርጂኒያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳው ስሄድ ይዣቸው እሄዳለሁ። እሳቸው አይተኩሱም። ከኋላዬ ተቀምጠው ያያሉ፣ ከማየትም በላይ ይሰማሉ። ጆሯቸው ላይ መከላከያ አድርገው እንኳ የትኛው ጥይት ደክሞ እንደወጣ ያውቃሉ።

ስለ ጠመንጃዋ ትንሽ ልበል። ኤም ዋን ካርባይን ትባላለች። ብዙ ሰው ከትልቁ ኤም ዋን፣ ከጋራንድ ጋር ያምታታታል። ጋራንድ ከባድ ነው፤ 8 ጥይት በቆርቆሮ ታቅፎ ከላይ ይጎርሳል። ካርባይን ግን ባዶዋን 2 ኪሎ ተኩል እንኳ አትሞላም፤ 15 ጥይት የሚይዝ ካዝና ከታች ይገባላታል፣ ጥይቷም አጭር ናት፣ 7.62 በ33 ሚሊ ሜትር። አሜሪካኖቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሠርተዋል። የጠመንጃ ፋብሪካዎቹ ብቻቸውን ስለማይችሉት የታይፕራይተር ሠሪው አንደርውድ፣ አይ ቢ ኤም፣ ሳንቲም እየጎረሰ ሙዚቃ የሚያጫውተውን ሳጥን የሚሠራው ሮክ ኦላ ሳይቀር ካርባይን ሠርተዋል።

እኔ የገዛኋት ግን ለዚህ ታሪክ ብዬ አይደለም። አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ሄደዋል። እናቴ ሳሎን ውስጥ ያለችው ፎቶ ላይ ያነገቧት ይቺኑ ዓይነት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት የወጡ አሮጌ መሣሪያዎች ወደ አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ሲሸጡ ካርባይንም እንዳለበት ስሰማ አላስቻለኝም። አንዷን ገዛሁ። አያቴ የያዟት ናት አልልም። ግን አገሬ ብዙ ዓመት ቆይታ የመጣች ናት፤ እንድትተኩስልኝም እፈልጋለሁ፣ ግድግዳ ላይ እንድትሰቀል አይደለም።

ወደ ነከሰችው ጥይት እንመለስ። ጋሼ መጀመሪያ ያሉኝ ጣቴን ከምላጩ እንዳወጣ ነው። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንዳለ ይቆያል። ይሄ ለሁሉም ግልጽ ይመስላል፣ ግን ሜዳው ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰው ጠመንጃው ሲነክስበት ምን ሆነ ብሎ ወደ ራሱ ያዞረዋል፣ ወይ አጠገቡ ላለው ጓደኛው ሊያሳይ ወደ ጎን ይመልሰዋል። ጥይት ውስጡ አለ እኮ! ከዚያ ሴፍቲው ይዘጋል። በነገራችን ላይ የመጀመሪያዎቹ ካርባይኖች ሴፍቲያቸው የሚጫን ቁልፍ ነበር፣ የካዝናው መልቀቂያም እዚያው አጠገቡ ያለ ሌላ የሚጫን ቁልፍ ነው፤ ወታደሩ በውጊያ መሀል ሴፍቲውን የከፈተ እየመሰለው ካዝናውን መሬት ላይ ይጥለው ነበር። ኋላ ሴፍቲውን በምትዞር ትንሽ ማንሻ ለወጡት። የእኔ የምትዞረዋ ናት ያላት።

ቀጥሎ ጋሼ "ምን ሰማህ?" አሉኝ። እኔ ዓይን እንጂ ጆሮ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር። ምንም ካልሰማህ፣ ምላጩም ከላላ፣ መዝጊያው አልገጠመም ማለት ነው፣ የኔው ዓይነት። "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ ግን ሌላ ነው፤ መርፌዋ የጥይቷን ቂጥ መትታለች፣ ባሩዱ ግን አልተቀጣጠለም። ያኔ አይቸኮልም። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዙ 30 ሰከንድ መቁጠር ነው፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ፤ መዝጊያውን ከፍተህ እጅህ ላይ እንዲፈነዳ አትፈልግም።

ሦስተኛው ድምፅ ከሁሉም የከፋው ነው። "ዷ" በሚለው ፈንታ ደከም ያለ "ፏ" ትላለች፣ ትከሻህንም አትገፋህም። እዚህ ላይ ለዕለቱ ተኩስ አበቃ። አረሩ ከበርሜሉ ሳይወጣ መሀል መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩን ከኋላው ብትተኩስ በርሜሉ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጦ በርሜሉን በመወልወያ ዘንግ መፈተሽ፣ የተወተፈ ነገር ካለም ለባለሙያ መስጠት ነው እንጂ በመዶሻ መታገል አይደለም።

የኔዋ ዝምታ ስለነበረች ወደ ማጽዳቱ ገባን። "ማቀባበያውን ከመልቀቅህ በፊት ካዝናው ይውጣ።" ስህተቴ እዚህ ጋ ነበር። ካዝናው እንዳለ ስበህ ብትለቀው ሌላ ጥይት ከታች ይመጣና አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል። ማቀባበያውን ወደ ኋላ ጎትቼ፣ እዚያው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭኜ ክፍት እንደሆነ አስቆምኩት። ካዝናውን አወጣሁ። የተወሸቀችው ጥይት በካዝናው ቀዳዳ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ከዚያ ጉሮሮውን፣ ጥይቷ ስትተኮስ የምትቀመጥበትን የበርሜሉን ጀርባ፣ በዓይኔ አየሁ፣ በትንሿ ጣቴም ዳሰስኩ፣ ጋሼም ተነስተው አዩ። ሁለት ሰው ካየ በኋላ ነው ባዶ ናት የተባለው።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ለምን?

እኔ ጠመንጃዋን ነበር የጠረጠርኩት። ዕድሜዋ ነው፣ ሞላው ደክሟል፣ አልኩ። ጋሼ ግን መጀመሪያ ካዝናውን ነው ያነሱት። ሦስት ካዝና ነበረኝ። በነጭ ቀለም 1፣ 2፣ 3 ብለው ጻፉባቸውና ከአንድ ካርቶን ጥይት ለእያንዳንዱ 10፣ 10 አጎረሱ። "ሁሉንም በአንዴ ከቀየርክ ማን እንደበደለህ አታውቅም" አሉኝ። 2 ቁጥሩ አራት ጊዜ ነከሰ፣ አራቱንም ጊዜ አፍንጫዋን እንደቀሰረች። 1 እና 3 አንድ አንድ ጊዜ። 2 ቁጥሩን ከሌሎቹ ጎን አስቀምጠን ስናይ ጥይቱን አቅፎ የሚይዘው የቆርቆሮ ከንፈር በአንድ በኩል ተከፍቷል፤ ጥይቷ ቀና ብላ ከመሄድ ይልቅ ቀድማ ታመልጣለች። ካርባይን ካዝናዋ ቀጭን ቆርቆሮ ነው፣ አንዴ ከወደቀ ይጣመማል። የሚነክስ ካርባይን ያለው ሰው ሌላ ምንም ሳይነካ ካዝና ቢቀይር ብዙውን ጊዜ እዚያው ይገላገላል። 2 ቁጥሩን ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ግን የ1 እና የ3ቱ ንክሻ አንድ ዓይነት አልነበረም። እዚያ ጥይት አይደለም የተወሸቀው፣ ባዶ ቀለሃ ነው፣ መውጫው በር ላይ ቆሞ መዝጊያው ነክሶታል። ጋሼ መሬቱን አሳዩኝ። ቀለሃዎቼ ሁሉ እግሬ ሥር ነው የወደቁት። ጤነኛ ካርባይን ቀለሃዋን ራቅ አድርጋ ነው የምትወረውረው። እግር ሥር ከተንጠባጠበ መዝጊያው እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አልሄደም ማለት ነው፤ ጉልበት አጥቷል። ጉልበቱን የሚሰጠው ጋዝ ነው፤ ከበርሜሉ ሥር ባለች ቀዳዳ ገብቶ አንዲት አጭር ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኗ ማቀባበያውን አንዴ ትመታዋለች፣ የቀረውን መንገድ እሱ በራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ወይ ጥይቱ ደካማ ነው፣ ወይ ፒስተኗ ተይዛለች፣ ወይ መንገዱ ላይ የሚያግድ ነገር አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልናገር። "ሞላው ደክሟል፣ ጠንካራ ሞላ ግባለት" ይሉሃል። ሞላው መዝጊያውን ወደ ፊት የሚመልሰው ነው። መዝጊያህ ወደ ኋላ መሄድ እያቃተው ጠንካራ ሞላ ብትጨምርበት የባሰ ታስረዋለህ! የደከመ ሞላ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ጥይቷ ልትጎርስ ጥቂት ሲቀራት መዝጊያው ሳይገጥም ይቆማል። ያኔም ቢሆን በመዳፍ መትቶ ማስገባት አያስፈልግም፤ አውጥቶ ጥይቷን ማየት ነው። የካርባይን ጥይት ጉሮሮው ውስጥ የምትቆመው በቀለሃዋ አፍ ጠርዝ ስለሆነ፣ እንደገና የተሞላች ቀለሃ ትንሽ ከረዘመች መዝጊያው አይገጥምም።

ማታ ቤት ፈታኋት። ማቀባበያው የሚሄድበት መንገድ ላይ የድሮ ቅባት ደርቆ እንደ ሰም ሆኗል። ሰም ብቻ አይደለም፣ ባሩድና አቧራ ተቀላቅሎበት ጥቁር ጠጠር የመሰለ። ጋሼ በስልክ ፒስተኗን እንድሞክር ነገሩኝ፤ በርሜሉን ወደ ላይና ወደ ታች ሳጋድለው ቀጭን "ጠክ፣ ጠክ" መስማት ነበረብኝ። ምንም። ፒስተኗን የያዘችው ብሎን የራሷ መፍቻ ስላላትና ተመትታ ስለተቆለፈች በፒንሳ አትነካም፤ ስለዚህ ማጽጃ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አድርጌ አሳደርኳት። ጠዋት ሳጋድላት "ጠክ" አለች። ያቺን ድምፅ ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ለሚስቴ ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

ሞላውንም ለካሁት፤ አዲሱ 10 ከሩብ ኢንች ገደማ ነው፣ የእኔው ከ10 በታች ወርዷል። በልኩ በተሠራ ቀየርኩት፣ ጠንከር ባለ አይደለም። መዝጊያው ከማቀባበያው ጋር የሚፋጭበት ቦታ ላይ ደግሞ ዘይት ሳይሆን ግሪስ፣ በጣም በስሱ። አያቴ ስለ ኮሪያ ክረምት ሲያወሩ፣ ሌሊት ሌሊት ዘይቱ እንዳይረጋ ማቀባበያውን ሲያንቀሳቅሱ ያድሩ እንደነበር ይናገሩ ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እጄ ላይ ያንን ጥቁር ሰም ሳየው ገባኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ 60 ጥይት ተኮስኩ። ቀለሃዎቹ በቀኝ በኩል ሁለት ሜትር ርቀው አረፉ። ጋሼ ዝም ብለው ይቆጥሩ ነበር። 47ኛው ላይ ቆመች። ጣት፣ ሴፍቲ፣ ካዝና፤ ከፍቼ ሳይ ባዶው ቀለሃ ጉሮሮ ውስጥ ቀርቷል። ባዶ መሆኑን አረጋግጠን ከአፈሙዙ በኩል በዘንግ ቀስ ብዬ ገፋሁት። ጋሼ ቀለሃውን ከመሬት አንስተው ወደ ብርሃን አዞሩት። ጠርዙ ላይ ቀጭን ጭረት አለ፤ ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር ይዞት ተንሸራቷል።

"ጥፍሯ አርጅቷል" አሉ።

አዲሱን አዝዣለሁ፣ ረቡዕ ይደርሳል። ቀለሃውን ጋሼ ኪሳቸው ከትተውታል፤ አዲሱ ጥፍር ከሚተወው ጭረት ጋር ሊያስተያዩት።