የሴል ሜምብሬን ላይ ያለ ሞለኪውል ለምንድነው የሚዘገየው?

ትምህርት ቤት የተነገረን የሴል ሜምብሬን (ሴሉን የሚከበው ስስ ሽፋን) ፈሳሽ ነው፣ ሊፒዱም (ቅባቱም) ፕሮቲኑም እንደልቡ ይንሳፈፍበታል ተብሎ ነው። ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 ያወጡት ሞዴል ነው (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) መሰረቱም ልክ ነው፣ እንደውም ከዛ በፊት በ1970 ፍራይና ኤዲዲን የአይጥና የሰው ሴል አዋህደው የሁለቱ ፕሮቲኖች በ40 ደቂቃ ገደማ ድብልቅልቅ ሲሉ አይተዋል። ግን ፈሳሽ ነው ብሎ ማቆም በጣም የሚገርመውን ነገር ያስቀራል።

በነጻ የሚንከራተት ቅንጣት ከተነሳበት ቦታ የራቀበትን ርቀት ስኩዌር አድርጋችሁ አማካዩን ብትወስዱ ከጊዜው ጋር እኩል ያድጋል፣ ጊዜው እጥፍ ሲሆን እሱም እጥፍ ይሆናል፣ አንስታይን በ1905 ያሳየው ነው። ሜምብሬን ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንደዛ አይሆንም። የሚያድገው ከጊዜው ፓወር አልፋ ጋር ነው፣ አልፋ ደሞ ከ1 ያንሳል። ሰብዲፊዩዥን የሚሉት ይሄንን ነው፣ ዲፊዩዥን በዘፈቀደ መንከራተቱ ነው፣ ሰብ ደሞ ከዛ በታች ማለት ነው።

ለምን? እኔ በጣም የምወደው መልስ የጃፓኑ የአኪሂሮ ኩሱሚ ቡድን በ2002 ያወጣው ነው። የአይጥ ኩላሊት ሴል ወስደው አንድ ፎስፎሊፒድ (ሜምብሬኑ በብዛት የተሰራበት ሊፒድ) ላይ 40 ናኖሜትር የሆነች የወርቅ ቅንጣት አሰሩና በየ25 ማይክሮሰከንዱ ቦታዋን መዘገቡ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ሺህ ፍሬም። ሜምብሬኑ በግቢ በግቢ የተከፋፈለ ሰፈር ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ግቢ ወደ 230 ናኖሜትር ስፋት አለው፣ ሊፒዱ እዛ ውስጥ በአማካይ 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይሯሯጥና ወደ ጎረቤት ይዘላል። ግቢው ውስጥ እያለ የሚሮጠው ደሞ በአርቴፊሻል ሜምብሬን ላይ እንደሚሮጠው ያህል ፈጥኖ ነው! ስለዚ የሚያዘገየው ሜምብሬኑ ወፍራም ወይ ሙጫ ስለሆነ አይደለም፣ አጥሩ ነው።

አሁን የተለመደውን የቪዲዮ ካሜራ አስቡት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ማለት በየ33 ሚሊሰከንዱ አንድ ፎቶ ነው። በዛች መሃል ሊፒዱ በአማካይ ሶስት አጥር ዘሏል እና የምታዩት ዘገም ያለ ግን ኖርማል የሚመስል ዲፊዩዥን ነው፣ ግቢውም ዝላዩም ጠፍቷል።

አጥሩ የሚሰራው ከሜምብሬኑ ስር ካለው የአክቲን (ክር የሚሰራ ፕሮቲን) መረብ ነው። ጥያቄው ግን ሜምብሬኑ ሁለት ንጣፍ ነው፣ ሊፒዱ ያለው በውጪው ንጣፍ ላይ ነው፣ አክቲን ደሞ በውስጥ በኩል፣ አይነካካም፣ ታዲያ እንዴት ያግደዋል? የኩሱሚ ሃሳብ ሜምብሬኑን በስተው ያለፉ ፕሮቲኖች አክቲኑ ላይ ታስረው እንደ ችካል ይቆማሉ፣ በዙሪያቸውም ያለው ሊፒድ መንቀሳቀስ ይከብደዋል የሚል ነው። አክቲን የሌለበት ያበጠ የሜምብሬን ክፍል ላይ ሲለኩ ሊፒዱ በነጻ ነው የሚሄደው፣ እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ሁሉም ሰብዲፊዩዥን ግን ከአጥር አይመጣም። በ2009 የኤግሊንግና የሄል ቡድን በስቴድ ማይክሮስኮፕ (ከተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ በጣም ያነሰ ነገር የሚያሳይ) ስፊንጎሊፒዶች (ሌላ አይነት ሊፒድ) ከ20 ናኖሜትር ባነሰ ቦታ ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ተይዘው ሲቆዩ አይቷል፣ ኮሌስትሮል ሲቀነስ ደሞ መያዙ ይቀንሳል። ይሄ መታሰር ነው እንጂ መታጠር አይደለም።

ስለዚ አንድ ጥናት "አልፋ 0.7 ነው" ቢላችሁ ምክንያቱን ገና አልነገራችሁም። በምን ያህል ጊዜና በምን ያህል ስፋት እንደተለካ ጠይቁ፣ ከዛ አክቲኑ ሲፈርስ ወይ ኮሌስትሮሉ ሲወጣ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እዩ።